ቤት ድረስ የሚመጡት ነርሶች፦ ጅማ ላይ ያገኘነው የፓሊየቲቭ ኬር አገልግሎት

ነጥቤን መጀመሪያ ልስጥ፤ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን ለምን እንደቀነስኩ ታች እጽፋለሁ። ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ጸጉር ቤት ሁላችንም እንጽፋለን። ስለዚህኛው አገልግሎት ግን ጅማ ውስጥ ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር፤ ባለማወቄም አራት ወር አክስቴን በከንቱ አሰቃየኋት።

አገልግሎቱ ከከተማችን ሆስፒታል የሚወጣ ትንሽ ቡድን ነው። ሁለት ነርሶች፣ አንድ ሐኪምና አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ አሉት። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለለመኑኝ አልጠቅስም። ሥራቸው ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ከሥቃይ ማሳረፍና ቤተሰቡን መደገፍ ነው። ከካንሰር ውጪ የልብ ድካም፣ የኩላሊት፣ የስትሮክና የኤችአይቪ ታማሚዎችንም ያያሉ። እኛም የሰማነው ከጎረቤታችን ከሐጂ ልጅ ነው። ሐጂ ልባቸው ደክሞ ጋደም ማለት አቅቷቸው፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጉ ነበር።

እቴቴ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። የጡት ካንሰር ነው ያለባት፤ ሲታወቅ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠርቶ «ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም፣ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት» አለኝ። በምን እንደምንከባከባት አልነገረኝም። ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ይዘን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሌሊቶች ባልጽፋቸው ይሻለኛል። ብቻ አንሶላ ጥርሷ ውስጥ አስገብታ ስትነክስ አይቻለሁ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ።

የሐጂ ልጅ ስትነግረኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ፓሊየቲቭ ሲባል ሰው ተስፋ ተቆርጦበት የሚላክበት ቦታ መስሎኝ ነበር። እነሱን መጥራት እቴቴን አሳልፎ መስጠት መሰለኝ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። በመጨረሻ ግን ጠራናቸው።

መጀመሪያ የመጡ ቀን፣ የጅማን ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ባጃጁ የእኛን ቅያስ አልገባም ብሎ ሲስተሯን አስፋልት ላይ አውርዷት፣ ጭቃውን በእግሯ አቋርጣ ነው የደረሰችው። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ቦርሳዋን ወዲያው አልከፈተችም። በርጩማ ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና «እማማ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለቻት። ስለ ካንሰሩ አልጠየቀችም፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀች። ከዚያ እጇን አሳየቻት። ጭብጥ ከሆነ ሕመም የለም፤ አንድ ጣት ትንሽ፣ አምስቱም ከተዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። «የእርስዎ ስንት ነው?» እቴቴ አምስቱን ዘረጋች። ትንሽ አሰበችና ሁለተኛውን እጇንም ጨመረች።

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አራት ወር ሙሉ «እንዴት ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር የምትለኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ሞርፊን አዘዘ። በአፍ የሚጠጣ ፈሳሽ ነው፤ ማዘዣውም እንደ ሌላው መድኃኒት ሳይሆን የራሱ ወረቀት አለው። ወንድሜ ስሙን ሲሰማ ተቆጣ። «ሱስ ሊያስይዟት ነው? ይሄ እኮ የመጨረሻ መድኃኒት ነው!» አለ። ሲስተሯ አልተቆጣችም። ከባድ ሕመም ላለበት ሰው በትክክለኛ መጠንና በሐኪም ክትትል ሲሰጥ እንደሚፈራው እንዳልሆነ፣ ሞት የማያፋጥን መሆኑንም በቀስታ አስረዳችው። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው አለች። ሕመሙ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ቀድማችሁት ድረሱ። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4። የማታው እጥፍ ስለሆነ ሌሊት መቀስቀስ የለም። መጠኑ እንደ ሰው ስለሚለያይ የእቴቴን አልጽፍም፤ እባካችሁ ከሰው ተውሳችሁ እንዳትሰጡ።

የሚመጣውንም ቀድመው ነገሩን፤ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ከዚያ ይተዋታል አሉን፤ እንዳሉትም ሆነ። የሆድ ድርቀቱ ግን አይተውም፤ ስለዚህ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ታዘዘላት። ይህን ባይነግሩን ኖሮ በሳምንቱ «መድኃኒቱ አልተስማማትም» ብለን እናቆመው ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ በርግጌ ነቃሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማቃሰቷን ለምጄው ኖሮ ዝምታው አስደነገጠኝ። ሮጬ ሄጄ አፍንጫዋ ላይ እጄን አደረግኩ። ተኝታለች። እንዲሁ፣ እንደ ሰው ተኝታለች። እስኪነጋ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርኩ። ይህን የሕክምና ዘርፍ በዘመናዊ መልኩ ያስጀመረችው ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። መጀመሪያ ነርስ ነበረች፣ ኋላ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች፤ ሆስፒስ ማለት የማይድን ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንክብካቤ የሚያገኙበት ተቋም ነው። ሕመም ማለት የሥጋ ብቻ አይደለም ትል ነበር፤ የገንዘብ ጭንቀቱም፣ የልጅ ሐሳቡም፣ የነፍስ ጥያቄውም ተደምሮ ነው ሰውን የሚያሳምመው። እዚህ አገራችንም አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ነው። እቴቴም አራት ወር ሙሉ ከማያገኙት ወገን ነበረች።

ስለ ሥጋው ይሄን ያህል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር።

እኛ የሕመሟን ስም ደብቀናት ነበር። መርዶ በድንገት አይነገርም ብለን ያደግን ሰዎች ነን። «ወገቧ ላይ ብርድ ነው» እያልን ስንዋሽ ከረምን። ሲስተሯን በር ላይ ይዤ «እባክሽ እንዳትነግሪያት» አልኳት። «እኔ ያልጠየቁኝን አልናገርም፣ ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም» አለችኝ። ገብታ እቴቴን «ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ? ማወቅ የሚፈልጉትስ ምን ያህል ነው?» አለቻት። እቴቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። «ካንሰር መሆኑን ካወቅኩ ቆየሁ። ልጆቹ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች። እሷ ለእኛ፣ እኛ ለእሷ ስንደባበቅ ኖረናል ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ስንት ነገር ተወራ። የተበደረችውን ገንዘብ ለማን እንደምንከፍል ነገረችን፣ ከእህቷ ጋር የነበራትን ቅሬታ በስልክ ፈታች፣ የቤቱን ነገር ወንድሜን ቁጭ አድርጋ አናገረችው።

ጸበሉንስ ይከለክሉን ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከለከሉም። ጸበሏን ትጠጣ፣ መድኃኒቷንም አታቋርጥ አሉ። የንስሐ አባቷ ሲመጡ ሲስተሯ ራሷ አነጋገረቻቸው፤ እሳቸውም ጾሙን ፈቱላትና «መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ነው፣ በሰዓቱ ውሰጂ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ሰዓት የምታስታውሰኝ እሷ ሆነች። ሐጂ ቤት ሲሄዱም እንዲሁ ነው፤ በሰላት ሰዓት ከደረሱ ውጭ ይጠብቃሉ፣ ወሬውም በኦሮምኛ ነው።

እኔንም አልረሱኝም። በሽተኛን ብቻዬን ሳነሳ ወገቤን ጎድቼው ነበር። አንሶላ አጥፎ ከሥር አስገብቶ ለሁለት ማዞርን አሳዩኝ፣ እንዳይላጥ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን መቀየርን፣ አፏን ለዘብ ባለ ጨው ውሃ ማጽዳትን። አንድ ቀን የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ «አንቺስ ትተኛለሽ?» አለችኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ልጅ እየመጣች እኔ እንድወጣ ያደራጀችው እሷ ናት።

አንድ ነገር አደራ። ይህ አገልግሎት ሕክምና ሲያልቅ የሚመጣ አይደለም። እቴቴ የካንሰር ክኒኗን አሁንም ትውጣለች፣ ቀጠሮዋንም አትቀርም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ገና በምርመራው ሰሞን ፓሊየቲቭ ኬር የጀመሩት ኑሯቸው ከሌሎቹ የተሻለ፣ የድባቴ ስሜታቸውም ያነሰ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ከሁለት ወር በላይ ጨምረው ኖረዋል። ስለዚህ እንደኔ «ገና ነው» እያላችሁ አትጠብቁ።

አሁን የቀነስኩት ግማሽ ነጥብ። ቅዳሜና እሑድ አይመጡም፤ ሕመም ደግሞ ቀን አይመርጥም። ስልክ ያነሳሉ፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። አንድ ጊዜ ሞርፊኑ አልቆ ሁለት ቀን መከራችንን አየን፤ ፋርማሲው ውስጥ «ገና አልመጣም» ነበር መልሱ። ያን ጊዜ የእቴቴ ጣቶች ተመልሰው አራት ደረሱ። አሁን ጠርሙሱ ሩብ ሲቀረው ነው የማሳስበው፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ሌላው፣ ቤት ድረስ የሚመጡት ከተማ ውስጥ ላለ ብቻ ነው። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ የመጣ ታማሚ በስልክና በቀጠሮ ነው የሚረዳው፤ ይሄ የሰዎቹ ጥፋት ሳይሆን የቁጥራቸው ማነስ ነው፣ ቢሆንም ያሳዝናል።

ወጪውን ለምትጠይቁ፣ ለጉብኝቱ አስከፍለውን አያውቁም። መድኃኒቱን እኛ እንገዛለን፤ የተወሰነውን የጤና መድኑ ሸፍኖልናል። ለመጀመር የምርመራ ወረቀታችሁንና በሽተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያክማችሁን ሐኪም «የፓሊየቲቭ ክፍል ላኩን» በሉት። ካላወቀ ሌላ ሰው ጠይቁ። ዝም ብላችሁ እንዳትመለሱ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለእቴቴ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ነው የሰማችው። «ስንት ሰጠሻቸው?» አለች። «አራት ተኩል» አልኳት። እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ አምስቱንም ጣቶቿን ዘረጋች። ደንግጬ «አመመሽ እንዴ?» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ኧረ፣ ነጥቡን ነው» አለችኝ።