ታይፒንግ ኦፍ ዘ ዴድ ወይስ ኤፒስቶሪ?

ሁለቱም በኪቦርድ ቃላት እየጻፍክ የምትጫወታቸው የኮምፒውተር ጌሞች ናቸው። ሁለቱም ጣት ያፈጥናሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

የሴጋው «ታይፒንግ ኦፍ ዘ ዴድ» እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። ከተኩስ ጌም ላይ ሽጉጡን አንስተው ኪቦርድ ተኩበት። ዞምቢው እየቀረበህ ነው፤ ከፊቱ የተጻፈውን ቃል ጽፈህ ካልጨረስክ ይመታሃል። እጅ ይንቀጠቀጣል! ኪቦርዱን አጎንብሰህ የምታይ ከሆነ አበቃልህ። ለዚህ ነው የምወደው፤ ዓይንህን ከስክሪኑ እንዳትነቅል ያስገድድሃል።

«ኤፒስቶሪ» የ2016 ጌም ነው። አንዲት ልጅ በቀበሮ ጀርባ ላይ ሆና ወረቀት በሚመስል ዓለም ትጓዛለች። እሳትና በረዶን የመሳሰሉ ኃይሎችንም የምትቀያይረው ስማቸውን በመጻፍ ነው። የጌሙ ክብደት ከአጻጻፍ ፍጥነትህ ጋር አብሮ ይስተካከላል።

ለጀማሪ ያለጥርጥር «ኤፒስቶሪ»ን እመርጣለሁ። ሳያይ መጻፍ የለመደ ሰው ግን ዞምቢዎቹን ይሞክር።