«ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ላለችው ፋርማሲስት

ወንድሜ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) አለበት። ሊቲየም ከጀመረ 6 ዓመት አልፎታል። መድኃኒቱ ሰው አድርጎታል፤ ቂም የለኝም። ባለፈው ወር ግን ልናጣው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በወገብ ሕመም ነው። አንድ ቦታ አይቡፕሮፌን ሰጡት። ሌላ ምን ትወስዳለህ ያለው የለም፤ እሱም አልተናገረም። በሳምንቱ ተቅማጥ ያዘው፤ ማስመለስ ተጨመረበት። እጁ ድሮም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ለምደነዋል። አሁን ግን ብርጭቆ ሲያነሳ ውሃው ደረቱ ላይ ተደፋ። እኔ ብልጧ የተቅማጥ መድኃኒት ልገዛ ሄድኩ።

ፋርማሲስቷ ዝም ብላ አልሸጠችልኝም። «ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?» አለችኝ። ሊቲየም ስላት የያዘችውን ፓኬት መልሳ አስቀመጠች።

«ሲራመድ ይንገዳገዳል?»

አዎ።

«ንግግሩስ ይጎተታል?»

አዎ።

«የዛሬውን እንዳይውጥ። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የሚወስደውን ሁሉ በፌስታል ያዢ።»

በደሙ ውስጥ ያለው የሊቲየም መጠን 2.3 አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 1.0 ነው፤ 1.5 ካለፈ አደገኛ ነው። በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጡት። ደግነቱ ዲያሊሲስ (በማሽን ደም ማጣራት) ላይ ሳይደርስ ወረደለት።

ኋላ ወደ ፋርማሲስቷ ይዤው ስሄድ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ሊቲየም የሚወጣው በኩላሊት ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች መውጫውን ያጠብቡበታል። ተቅማጡ ደግሞ ውሃና ጨው ሲያሳጣው፣ ኩላሊት ጨው ያገኘ መስሎት ሊቲየሙን መልሶ ይሰበስባል። እንደ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ የግፊት መድኃኒቶችም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ጨው በድንገት መቀነስም እንዲሁ።

ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው። ለሊቲየም ምርመራ ደም የሚቀዳው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው አለችን። እሱ ስንቴ ጠዋት ውጦ ሄዶ ተመርምሯል!

ከዚያ እስክሪብቶ አወጣችና ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጻፈችለት፦ «አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ክልክል። ለሕመም ፓራሲታሞል።» ሲሻለው ሊቲየሙን በራሱ እንዳያቆምም አስጠነቀቀችው፤ ዶክተሩ መጠኑን ቀንሶ አስጀምሮታል።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ፋርማሲዋን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ወረፋ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ያንኑ ጥያቄ ስለምትጠይቅ ነው።