መርፌው የሚዘልባት ኮሮላዬ እና ታፔላ የሌለው ኤሌክትሪሺያን

መጀመሪያ ያየሁት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። የሞተሩ ድምፅ እንደወትሮው ነው። የአርፒኤሙ፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚያሳየው ጌጅ፣ መርፌ ግን ከ3000 ዘሎ 6000 ላይ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዜሮ ላይ ወደቀ። ማታ ደግሞ መኪናው ቆሞ እንኳን መብራት ሳበራ መርፌው ይነቃነቃል። አምስት ወር እንዲህ ነዳሁ።

መኪናዋ ከአባቴ የተረከብኳት ኢኢ90 ኮሮላ ናት። ድሮ 2ኢ የሚባለው ባለ 1.3 ሊትር የካርቡራተር ሞተር ነበራት። እሱ ሲደክም በ4ኤ-ኤፍኢ አስቀየርኩት። 1.6 ሊትር፣ ኢንጀክሽን። ዳሽቦርዷ ላይ አርፒኤም ስላልነበረ ለብቻው የሚገጠም ክብ ጌጅ አስገባሁ። ዳገት ላይ ሌላ መኪና ሆናለች፣ በጣም ነው የምወዳት። «አርፒኤም ምን ያደርግልሻል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሞተሩ ያገለገለ ነው። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ የሚዞረው ዙር) ሲወርድ፣ ሳይሞቅ ሲጮህ፣ ማርሽ መቀየር ያለብኝ ቦታ ሲደርስ ማወቅ እፈልጋለሁ። የሚዋሽ ጌጅ ከሚኖር ጌጅ ባይኖር ይሻላል።

ሁለት ጋራዥ ሄድኩ። የመጀመሪያው ጌጁ ተበላሽቷል አለኝ። አዲስ ገዛሁ፣ ያው ሆነ። ሁለተኛው የሞተሩ ኮምፒውተር ይቀየር አለኝ። ሁለቱም ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ ከኪሳቸው አላወጡም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሳይለካ ይቀየር ይባላል፣ ገንዘቡ ግን የኔ ነው።

አሁን የምጽፍላችሁ ሰው ጋ የላከኝ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጥልኝ ልጅ ነው። ቦታው ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ አንድ ሰማያዊ ኮንቴነር ነው። ታፔላ የለውም። ሠራተኞቹ ጋሼ ይሉታል፣ እኔም ጋሼ አልኩት። ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚሠራው። ሞተር አይፈታም፣ ዘይት አይቀይርም።

ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ጠየቀኝ። መቼ ነው የሚዘለው? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? መብራት ሲበራ ይብሳል? ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ ሁልጊዜ ግማሹን ወይም እጥፉን ቢያሳይሽ ከጌጁ ጀርባ ያለችው የሲሊንደር መምረጫ ናት። ባለ 4 ሲሊንደር መኪና 8 ላይ ተደርጎ ከሆነ ግማሹን ያነባል። የሚዘል ከሆነ ግን ጌጁን ተይው፣ ምልክቱ የሚመጣበትን የሽቦ መንገድ ነው የምናየው።» በሁለት ደቂቃ ውስጥ አምስት ወር ያልሰማሁትን ሰማሁ።

ቶዮታ በዚያ ዘመን መኪኖቹ ሞተር ክፍል ውስጥ ክዳኗ ላይ ዲያግኖሲስ የሚል የተጻፈባት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ያስቀምጥ ነበር። ከውስጧ ካሉት ቀዳዳዎች አንዷ አይጂ ኔጌቲቭ ትባላለች። የአርፒኤም ምልክት የሚገኘው እዚያ ነው። ጋሼ ቴስተሩን ሄርዝ ላይ (በሰከንድ ስንት ጊዜ የሚለው) አድርጎ ሰካ። ሚኒሞ ላይ 28 አነበበ። የካርቶን ቁራጭ አንስቶ በእስክሪብቶ «28 × 30 = 840» ብሎ ጻፈልኝ። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ጊዜ ያቀጣጥላል። ስለዚህ የደቂቃውን ዙር ለማግኘት 60 ሰከንድ ለ2 ተካፍሎ፣ ሄርዙን በ30 ማባዛት ነው። ረዳቱ ነዳጅ እየሰጠ ወደ 100 አደረሰው፤ 3000 ዙር ማለት ነው። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ያንን ምልክት ወደ ጌጁ የሚያመጣውን ሽቦ ጌጁ ጫፍ ላይ ለካው። 100፣ 170፣ 212፣ እንደገና 100። ከመነሻው ንጹህ የነበረው ምልክት መድረሻው ላይ ተበላሽቷል። ኮምፒውተሩም ጌጁም ነጻ ወጡ። አዲስ ኮምፒውተር ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስበው እስካሁን ይከብደኛል።

ጥፋቱ አንድ አልነበረም። ሞተሩ ሲቀየር የጌጁ ሽቦ ወደ ካንዴላዎቹ ብልጭታ ከሚያደርሱት ገመዶች ጋር አንድ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል። በእነዚያ ገመዶች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያልፋል። አጠገባቸው የተጋደመ ቀጭን ሽቦ ያንን ይለቅማል፣ ጌጁም የተለቀመውን ሁሉ እንደ ዙር ይቆጥረዋል። ይባስ ብሎ ገመዶቹ ውስጣቸው ሙሉ መዳብ ነበር። ጋሼ በኦም ሲለካቸው ዜሮ ማለት ይቻላል። ጥሩ ገመድ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ሊኖረው ይገባል፣ ቶዮታ የሚፈቅደው ጣሪያ ደግሞ ለአንዱ ገመድ 25 ሺህ ኦም ነው። ያ ተቃውሞ፣ ማለትም ጅረትን የሚገታው ነገር፣ የተቀመጠው የኤሌክትሪክ ረብሻውን እንዲገድል ነው። ካንዴላዎቹንም ፈትቶ አየ። ኤንጂኬ ካንዴላ ላይ በቁጥሩ ውስጥ አር የምትል ፊደል ካለች ተቃውሞ አለው ማለት ነው። የኔዎቹ ነበራቸው።

በደንብ ያየሁት ግን የማሳውን፣ ማለትም ጅረቱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ፣ ነገር ነው። ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ ሞተሩ ሲቀየር በአዲስ ቀለም ላይ ታስሯል። ጋሼ ሞተሩ እየሠራ መብራት አስበርቶ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረገ። 0.8 ቮልት። «ከ0.2 መብለጥ የለበትም» አለኝ። ብሎኑን ፈታው። ከሥሩ ያለው ብረት አሁንም ግራጫ ቀለም እንደተቀባ ነበር፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ጭረት አለ። ጅረቱ በዚያች ጭረት ነበር የሚያልፈው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፈገፈገው፣ ግሪስ ቀባ፣ አጥብቆ አሰረው። እንደገና ሲለካ 0.04 ሆነ። መብራት ሲበራ የሚነቃነቀው ነገር እዚያው ቆመ።

ደስ ያለኝ አሠራሩ ነው። ማሳውን ሠርቶ ለካ። ሽቦውን ከካንዴላዎቹ አርቆ በሌላ በኩል አሳልፎ ለካ። ገመዶቹን ቀይሮ ለካ። የቱ ምን ያህል እንደሠራ እኔም አየሁ። ረብሻውን የሚያጣራ ካፓሲተር እንጨምር ወይ ስለው «ጥፋቱን ሳናገኝ መሸፈኛ አንጨምርም» አለኝ።

ለእጁ 2500 ብር ከፈልኩ፣ ገመዱን ራሴ ገዝቼ ነው ያመጣሁት። ሦስት ሰዓት ፈጀ። አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ደረሰኝ አይሰጥም። ጣሪያ ስለሌለው ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይቆማል፣ እኔም አርባ ደቂቃ ያህል ኮንቴነሩ ውስጥ ቆሜያለሁ። ስልክ ብዙም አያነሳም። አዲሱን ሽቦ የሸፈነው በተራ ስኮች ነው። ሞተር ሙቀት ላይ ስኮች እንደሚላቀቅ ነግሬው የቆርቆሮ ቅርጽ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ አስገባልኝ። ሳልጠይቀው ቢያደርገው ይሻል ነበር። ከዳሽቦርዱ ሥር አንዲት የፕላስቲክ መያዣም ሳትመለስ ቀርታለች።

በነጋታው እንጦጦ ወጣሁ። ሁለተኛ ማርሽ፣ 3000፣ 3500፣ 4000። መርፌው እግሬን ተከትሎ ወጣ፣ እግሬን ተከትሎ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሆኖታል፣ አንድም ቀን አልዘለለም።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ከ3 ሰዓት በኋላ አምስትና ስድስት መኪና ይሰለፋል። ሞተራችሁ ተቀይሮ ከሆነ ምን በምን እንደተቀየረ ጽፋችሁ ያዙለት፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።