ክሎርፓይሪፎስ 48 ፐርሰንት (የሰብል ተባይ ማጥፊያ)፣ የ1 ሊትሩ፦ ለትሉ 5 ኮከብ፣ ለክዳኑ ዜሮ

ኮከብ ልሰጥ ገብቼ ሁለቴ ሳልሰጥ ወጣሁ። ለትሉ ከሆነ 5 ነው፣ ለኔ ከሆነ ግን 1 ራሱ ይበዛበታል፣ በቃ 2 ብዬ ዘጋሁት።

ስራው ላይ ብዙ አልቆይም፣ ይሰራል። ቆራጭ ትል ችግኜን ሌሊት ሌሊት ከስሩ እየበጠሰ ሲያስተኛብኝ ነው የገዛሁት፣ አመሻሽ ላይ ረጨሁ፣ ጠዋት ስሄድ ትሎቹ ተጠቅልለው አፈር ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። መድሃኒቱ ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው፣ ይሄን ሁሉ ዘመን የቆየው ስለሚገድል ነው።

ችግሩ ያለው ጠርሙሱ ላይ ነው። አንገቱ ጠባብ ነው፣ ከክዳኑ ስር ያለው የብር ወረቀት ደግሞ መያዣ የለውም፣ በጥፍር ካልሆነ አይነሳም፣ እኔም ጓንቱ አላስይዝ ሲለኝ አወለቅኩና በጥፍሬ ነቀልኩት (አውቃለሁ፣ አትስደቡኝ)። ከዛ በክዳኑ ልለካ ሳዘነብለው አየር እየሳበ ጉልቅ ጉልቅ አለና መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ቡናማ የዘይት ነገር ነው፣ ሽታው የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት ከነዳጅ ጋር የተደባለቀ ይመስላል። እኔ ምን አደረግኩ? ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት እና ቀጠልኩ።

ሂሳቧን የሰራኋት በኋላ ነው። እኔ የበጠበጥኩት 40 ሚሊ በ20 ሊትር ውሃ ነው፣ 500 እጥፍ ይቀጥናል ማለት ነው። ስለዚህ መዳፌ ላይ የፈሰሰችው አንድ ሚሊ ብትሆን እንኳን የተበጠበጠውን ግማሽ ሊትር እላዬ ላይ እንደመድፋት ናት፣ ውስጧ 480 ሚሊግራም መርዝ አለ። እኛ ደግሞ ማስክ ጓንት ምናምን የምንለው ልንረጭ ስንነሳ ነው፣ ስንለካ ባዶ እጃችንን ነን።

በዛ ላይ የጀርባ መርጫዬ ክዳኑ ጋ ታፈስ ነበር፣ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጀርባዬን እያራሰች ወደ ሱሪዬ ወረደች፣ ውሃ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቆዳ ሁሉ እኩል አይመጥም እኮ፣ የዚሁ ዘር የሆነ ሌላ መርዝ ሰው ላይ ተለክቶ በብልት ፍሬ ቆዳ በኩል የሚገባው ክንድ ላይ ከሚገባው ከ10 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ሙቀትና ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ማታ ራሴን አመመኝ፣ ፀሀይ ነው አልኩ። ከዛ አፌ ምራቅ ሞላ፣ ላቤ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ስልኬን ሳይ ፊደሉ ደበዘዘብኝ። ወንድሜ በባትሪ ዓይኔን አየና "ብሌንህ እኮ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል" አለኝ፣ ወዲያው ልብሴን አስወልቆ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠበኝ፣ የጠርሙሱን ሌብል ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ። ሌብሉን መያዙ ነው ጥሩ የሰራው፣ ምን እንደነካኝ ሲያዩ ምን እንደሚጠብቁ ወዲያው አወቁ፣ አትሮፒን (የዚህ መርዝ ማርከሻ) አዘጋጅተው ሳያስፈልገኝ አነጋሁ። ጠጥቶት ለሚመጣ ሰው ደግሞ አስታውኩት እንዳትሉ፣ መሟሟቻው ዘይት ስለሆነ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

እንደገባኝ ከሆነ ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ ያስተላለፈውን ትዕዛዝ የሚያጠፋ ኢንዛይም አለን፣ ይሄ መርዝ የሚይዘው እሱን ነው። ትዕዛዙ ሳይጠፋ ይቀራል፣ ዕንባ ምራቅ ላብ ይፈሳል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስ ትንፋሽ ይቆማል። ትሉም የሞተው በዚሁ ነው፣ እኔና ትሉ አንድ አይነት ሽቦ ነው ያለን። ኢንዛይሙ ለመተካት ደግሞ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ የሚረጭ ሰው ባለፈው ምንም አልሆንኩም ቢል ተጠራቅሞ ሊጥለው ይችላል።

ሌብሉ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል፣ ግን ጉንዳን በሚያክል ፊደል። ከታች ያለችውን ቢጫ መስመር ቀይ አይደለችም ብዬ ንቄያት ነበር፣ ቢጫ ማለት በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ሁለተኛው ክፍል፣ መካከለኛ አደገኛ ማለት ነው፣ መካከለኛው ይሄ ከሆነ ቀዩን እንጃ።

ሁለተኛ ጊዜ ስረጭ ናይትሪል (ሰው ሰራሽ ጎማ) ጓንት አደረግኩ (የቆዳ ጓንት ይመጠውና አይታጠብም)፣ የሚለካ ጆግ መሬት ላይ አስቀምጬ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ ቀዳሁ፣ የመርጫዋን ጎማ ቀየርኩ፣ ሱሪዬን ከቦቲው ውጪ አወረድኩ፣ ውስጥ ከከተታችሁት የሚወርደው ሁሉ እግራችሁ ላይ ይጠራቀማል። የአቧራ ማስክ ትነቱን አይዘውም፣ ለኬሚካል ትነት የተሰራ የከሰል ፊልተር ያለው ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም ሽታው መግባት ከጀመረ አልቋል። ጓንቱን ሳላወልቅ መጀመሪያ አጠብኩት፣ ልብሱን ለብቻ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጅ ያላችሁ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወተት ነው የሚመስለው፣ ቁርጥ ወተት። በጥብጣችሁ አስቀምጣችሁ ለደቂቃ እንኳን ዞር እንዳትሉ። ባዶውን ጠርሙስ ሶስቴ አለቅልቄ ውሃውን መርጫው ውስጥ ጨመርኩት፣ ከዛ ማንም ውሃ እንዳይይዝበት በሚስማር በሳሁት። አበባ ላይ ያለ ሰብልና ወንዝ አጠገብ አይረጭም፣ ንብና ዓሳ ይጨርሳል።

የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ሳያድስ ቀርቷል፣ አንዱ ምክንያት የልጆች አእምሮ እድገት ላይ ያለው ስጋት ነው፣ በ2025 ደግሞ በስቶክሆልም ስምምነት (በቀላሉ የማይጠፉ መርዞችን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ውል) ለተወሰኑ አጠቃቀሞች ጊዜ ተሰጥቶት እንዲወገዱ ከተባሉት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይሄን ከመግዛቴ በፊት ባነበው ኖሮ።

ድጋሚ አልገዛም። ከሁለተኛው ጠርሙስ ሶስት ጣት ያህል ቀርቷል፣ ከነሌብሉ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ወንድሜ ጋ ነው፣ እኔ ጋ ይሁን ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ።