ኒሮስታ ድስቴ ከ8 ወር በኋላ

ድስቱን የገዛሁት ለዶሮ ወጥ ነው። 6 ሊትር ይይዛል፣ ታቹ ወፍራም ነው፣ 18/10 የሚል ተጽፎበታል። በመቶ 18 ክሮሚየም፣ 10 ኒኬል ማለት ነው። እዚህ እስራኤል ሁላችንም «ኒሮስታ» የምንለው ብረት።

ሽንኩርት ያለ ዘይት ሳቁላላ የድሮው ስስ ድስቴ ያሳርርብኝ ነበር። ይሄኛው እሳቱን ቀነስ አድርጌ ካማሰልኩት አያሳርርም። ጨው ግን ውሃው ሳይፈላ ጨምሬ ታቹን ነቃቅሶ ትናንሽ ጉድጓድ አወጣበት። ያ አይለቅም። ቀስተ ደመና የመሰለው ቀለም በኮምጣጤ ይለቃል።

አሁን ወደሚያነታርከው ልምጣ፦ ኒሮስታ የምግብ ጣዕም ይመጥጣል ወይስ አይመጥጥም? በእኛ በአይሁድ ሕግ ትኩስ ምግብ ጣዕሙን ለድስቱ ይሰጣል፤ ድስቱም ለሚቀጥለው ምግብ ያቀብላል። የሥጋና የወተት ድስት የሚለየው ለዚህ ነው። የእኛ ቤት ዶሮ ወጥም ቅቤ አያውቅም፣ በዘይት ነው። እማዬ ጎንደር እያለች በሸክላ ትሠራ ነበር። ለፋሲካ አሮጌው ሸክላ ይሰበርና አዲስ ይሠራል። ዘሌዋውያንም የኃጢአት መሥዋዕት የተቀቀለበት ሸክላ ይሰበር፣ ናስ ከሆነ ግን ተፈግፍጎ ይታጠብ ይላል። «ሸክላ ቂመኛ ነው» ትላለች እማዬ።

ኒሮስታስ? ሞከርኩት። ዶሮ ወጥ በሠራሁ ማግስት ድስቱን አጥቤ ውሃ ብቻ አፈላሁበትና ጠጣሁት። ምንም! የበርበሬ ሽታ እንኳ የለውም። ክዳኑን ሳሸት ግን ጉዱ ወጣ። ጠርዙ ላይ ያለው ሲሊኮን በርበሬውን ይዞ ቁጭ ብሏል። ስንት ጊዜ ባጥበው አልለቅ አለ። እጀታው የተያያዘበት ሚስማር ሥርም ቅባት ይገባል።

አንድ ቀን ልጄ ወተት አፈላችበት፣ ያውም ከድና። ደንግጬ ረቢያችን ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሥጋ ከተሠራበት ስንት ሰዓት ሆነው?» ብለው ነው። ሁለት ቀን አልፎት ነበር። 24 ሰዓት ካለፈ የገባው ጣዕም እንደተበላሸ ስለሚቆጠር ወተቱ ተፈቀደ። ድስቱ ግን ሐግዓላ፣ ማለትም በፈላ ውሃ ማንጻት፣ አስፈለገው። ሚስማሩን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩ። ድስቱን እስከ አፉ ሞልቼ አፈላሁ። የጋለ ድንጋይ ስጥልበት ውሃው ገንፍሎ ጠርዙን አጠበው፣ ጋዙንም አጠፋብኝ። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅኩት። ክዳኑ ግን ሲሊኮኑ ሥር ያለው አልጸዳ ስላለኝ ተውኩት። ለእኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጉድለቱ ክዳኑ ነው።

«ረቢ፣ ይሄ ብረት እኮ ምንም አይመጥጥም» አልኳቸው። ሳቁ። የሕጋችን ሊቅ ዮሴፍ ካሮ በ16ኛው መቶ ዘመን ብርጭቆ አይመጥጥም፣ ማለቅለቅ ይበቃዋል ብሎ ጽፏል። የፖላንዷ ክራኮው ረቢ ሙሴ ኢሰርለስ ግን ለፋሲካ ሲሆን አጠበቀው። በብርጭቆ ያልተስማሙ በብረት እንዴት ይስማሙ? ኒሮስታን እንደ ብርጭቆ እንቁጠረው የሚሉ ረቢዎች ዛሬ አሉ፤ የእኛው ከነሱ አይደሉም። ዘኍልቍ 31 ላይ ከምድያም ምርኮ መንጻት ያለበት ሲዘረዘር ብረትም ስሙ ተጠርቷል አሉኝ።

ለወተት ሌላ ትንሽ ኒሮስታ ገዛሁ። ክዳኑም ብረት ነው፣ ሲሊኮን የለውም። እጀታው ላይ ሰማያዊ ክር አስሬበታለሁ። ልጄ ግን አሁን ወተቷን ቀዝቃዛውን ነው የምትጠጣው።