ኮራሌን "ድንጋይ ነው፣ ጣይው" ካሉኝ በኋላ ላተረፈልኝ ልጅ

ዛሬ ጠዋት ኮራሌ፣ ቤት ውስጥ በጨው ውሃ ገንዳ የማኖራት የባሕር እንስሳ፣ ተከፈተች። ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግን ሦስቱ ራሶቿ ጣቶቻቸውን ዘርግተው ከውሃው ጋር ይወዛወዛሉ። አባቴ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ "እያት እስቲ፣ ጭራሽ ትጨፍራለች!" አለኝ። እንባዬ መጣ። ለኮራል ታለቅሳለች እንዴ የምትሉ ካላችሁ፣ አዎ፣ አለቀስኩ።

ገንዳውን የገዛሁት ለአባቴ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ቀኑ አልመሽ ብሎት ነበር። አሁን ጠዋት ከእኔ በፊት ደህና አደርሽ የሚለው እሷን ነው። የጣቶቿ ጫፍ መዶሻ ስለሚመስል መዶሻ ኮራል ይሏታል።

ከሁለት ወር በፊት መኮማተር ጀመረች። መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ። ሥጋዋ ከጠርዙ እየሸሸ ነጩ አጽሟ ብቅ አለ።

ያልጠየቅኩት ሰው የለም። አንዱ ጠርሙስ ሸጠልኝ፤ በሳምንቱ ሌላ ጠርሙስ፤ ከዚያም ሦስተኛ። ውስጡ ምን እንዳለ እንኳ አልነገረኝም። ሌላው ፎቶዋን በግማሽ ዓይኑ አየና "መብራት አንሷት ነው" አለ። ጨመርኩላት። ጭራሽ ነጣች። የመጨረሻው ግን "ድንጋይ ነው እኮ፣ ጣይውና ሌላ ግዢ" ብሎ ሳቀብኝ። ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ይህን ልጅ ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። የዓሣ ገንዳ እየዞረ ያጸዳል፣ ይጠግናል። መጥቶ ቦርሳውን እንኳ አልከፈተም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ አያት። እኔ በልቤ "ይሄኛው ደግሞ ሊተኛ ነው እንዴ የመጣው" እላለሁ። ከዚያ ተነስቶ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ሳሙና ሳቀብለው "አይ፣ ለእሷ መርዝ ነው" አለኝ። ስንት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ እጄን እንደነከርኩ አስቤ ዝም አልኩ።

"እህቴ፣ ውሃው ሲጎድል ምንድን ነው የምትሞይበት?"

"ጨዋማ ውሃ ነዋ! የባሕር እንስሳ አይደለች?"

አልሳቀም። "ውሃው ይተናል እንጂ ጨዉ አይተንም" አለኝ።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። ለወራት ጨው ላይ ጨው ስጨምርባት ኖሬያለሁ። በእኔ መለኪያ ግን ሁሌም ልክ ነበር! ያቺን ባለ መርፌ ፕላስቲክ መለኪያዬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳት። መርፌዋን ጨው ጋግሮ ይዟታል። በራሱ መሣሪያ ሲለካ፣ በሊትር 35 ግራም አካባቢ መሆን የነበረበት ጨው 41 ሆኖ ተገኘ።

ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ መሰለኝ፣ "እኔም የመጀመሪያዬን የገደልኩት እንዲሁ ነው" አለኝ። ይህቺን ቃሉን አልረሳትም። ሌሎቹ ጋ ስሄድ እንደ ሞኝ ነበር የምታየው።

አባቴ "ድንጋይ ናት ብለውናል እኮ" ቢለው፣ "አይደለችም አባባ፣ እንስሳ ናት። ድንጋዩንም የሠራችው ራሷ ናት" አለው። ሥጋዋ ውስጥ አልጌ የሚባሉ፣ እንደ ተክል ያሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት እንዳሉ፣ በብርሃን ምግብ እየሠሩ እንደሚያበሏት፣ የነጣችውም እነሱን ስላጣች እንደሆነ ተረጋግቶ አስረዳው። አባቴ ይኸው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያስተምራል። አስመርሮናል።

የሠራውን በዝርዝር ንገሪን ብትሉኝ አላውቀውም። የሞቱትን ሁለት ራሶች ቆርጦ አወጣ፣ መብራቱን ቀነሰ። ጨዉን ግን በአንድ ቀን አላወረደውም። "በድንገት ካወረድነው እሱ ራሱ ይገድላታል" ብሎ ሳምንት ያህል እየተመላለሰ በትንሽ በትንሹ ቀነሰው። ከዚያ ወዲያ የሚተነውን የምተካው ጨው በሌለበት በተጣራ ውሃ ብቻ ነው። ጠርሙሶቼን አይቶ "እነዚህ ይቀመጡ" አለ። አንድም ነገር አልሸጠልኝም። አንድም! ማታ ማታ "እንዴት አመሸች?" ብሎ ይጽፍልኛል። ስለ ኮራል እኮ ነው።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ግን የጨው ውሃ ገንዳ ያላችሁ፣ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጥሩት። ደግሜ እላለሁ፣ እሱን ጥሩት! ኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

አባቴ ደግሞ ጻፊልኝ ያለው አለ፦ በሚቀጥለው ሲመጣ ወንበር ተዘጋጅቶለታል፣ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ።