የካግል ነፃ ኮርሶች ከምርምር ወደ ዳታ ሳይንስ ለሚሻገር ሰው

በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በዙሪያው ባሉ የጤና ጥናቶች መረጃ ሲተነትን የኖረ ተመራማሪ ወደ ዳታ ሳይንስ ለመዞር ሲያስብ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ስታትስቲክስ ሳይሆን ኮድ መጻፍ ነው። በኤስፒኤስኤስና በስታታ በተባሉ የስታትስቲክስ ሶፍትዌሮች ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የተባለውን ትንተና እንደ ዳዊት ሲደግም የኖረ ሰው ስለ አማካይ የሚያስተምር መግቢያ አያስፈልገውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ጎግል የተጠቃለለው የዳታ ሳይንስ ድረ ገጽ ካግል በነፃ የሚያቀርባቸው አጫጭር ኮርሶች ከረጃጅም የቪዲዮ ትምህርቶች ይሻላሉ ባይ ነኝ። ትምህርቱ በአብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነ በሞባይል ዳታ የሚማረውን ሰው ጥቅል ቶሎ አይጨርስም፤ ኮዱም የሚሠራው በድረ ገጹ ላይ በመሆኑ ላፕቶፑ ማርጀቱ ብዙም አያሳስብም። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሥራው ስለሚቆም፣ ኮርሶቹ የሚጠቀሙበትን የኮድ ቋንቋ ፓይተንን በራስ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ መያዝ ይበጃል።

ለተመራማሪ ትልቁን ነገር የሚሰጠው የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ ተምሮ እንዲተነብይ የማድረግ ዘዴ) መግቢያው ነው። እኛ የለመድነው አንድ ምክንያት ከውጤቱ ጋር ግንኙነት እንዳለው ጠይቆ ፒ-ቫልዩው (ግንኙነት ባይኖር ቢያንስ ይህን ያህል ጠንካራ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ) ከ0.05 ማነሱን ማየት ሲሆን፣ እዚህ ግን የሜልቦርን ቤቶች የዋጋ መረጃ ለሁለት ተከፍሎ ሞዴሉ ባላየው ክፍል ላይ በአማካይ በስንት ዶላር እንደሚሳሳት ይለካል። ቀጣዩ ኮርስ ውስጥ ያለው የመረጃ መፍሰስ ትምህርት ደግሞ ለጤና ባለሙያ የተጻፈ ይመስላል፤ የሳንባ ምች የሚይዘውን ሰው ለመተንበይ «አንቲባዮቲክ ወስዷል» የሚለውን መረጃ የተጠቀመ ሞዴል በልምምዱ ላይ ድንቅ ሆኖ፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው ከሕመሙ በኋላ ስለሆነ በሥራ ላይ ለምን ዋጋ እንደሚያጣ በግልጽ ያስረዳል።

የመረጃ ማጽዳት ኮርሱ ጥሩ ቢሆንም ለእኛ አገር መረጃ አይበቃም። በመስክ ቅጽ ላይ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተሞላውን ጳጉሜን 5 ቀን 2010 «05/13/2010» ብለን ብናስገባው፣ ፓንዳስ የተባለው የፓይተን የመረጃ መተንተኛ መሣሪያ ወርን ስለሚያስቀድም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሜይ 13 አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ ጥቅምት 30ን «30/02/2010» ብንለው ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ስህተት ነው ይለናል። ከሁለቱ አደገኛው ዝም ብሎ የሚያልፈው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሚለውጥ ፋንክሽን ራስ መጻፍ ግድ ይላል፤ ከኮርሱ መልመጃዎች ይልቅም ብዙ የሚያስተምረው ይህ ነው።

የምስክር ወረቀቱም ነፃ ነው፤ ሆኖም ቀጣሪ ፊት ክብደት የሚኖረው በራስ መረጃ የተሠራ ሥራ ነው። ፓይተንና ፓንዳስን የጨረሰ ሰው፣ የድርጅቶች መረጃ ብዙውን ጊዜ በኤክሴል ፋይል ሳይሆን በዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ከተራቀቁት ኮርሶች በፊት ከዳታቤዝ መረጃ የሚወጣበትን ቋንቋ፣ የኤስኪውኤሉን ኮርስ፣ ቢያስቀድም እመክራለሁ።